ፋይሉ ቤት ቀርቷል፣ እጃችሁ ላይ ስልክ ብቻ ነው ያለው፦ የሚሠራውና የማይሠራው መንገድ

በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ ነው። መመረቂያ ጽሑፉ ቤት ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ አማካሪው "አሁኑኑ ላክልኝ" ብለዋል፣ ተማሪው ደግሞ ስድስት ኪሎ ነው። ወይም የተስተካከለው ሲቪ ላፕቶፑ ላይ ቀርቷል፣ ማመልከቻው ዛሬ 11፡30 ላይ ይዘጋል፣ ባለቤቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ቤት ላለ ታናሽ ወንድም ደውሎ "ዲ ድራይቭ ግባ፣ ከዛ ኒው ፎልደር ሁለት የሚል አለ፣ አይ እሱ አይደለም..." እያሉ መምራት ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረ ያውቀዋል።

"ይሄን አፕ አውርዱ" ብለን ብንጨርስ ቀላል ነበር። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ቪዲዮዎችም ብዙዎቹ እንደዛ ነው የሚሉት። ችግሩ፣ ቪዲዮዎቹ የሚያስቡት መብራት የማይጠፋበትና ሌት ተቀን የሚሠራ የቤት ኢንተርኔት ያለበትን ቤት ነው። ስለዚህ ከአፑ በፊት ሌላ ነገር እናንሳ።

ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከየት ነው?

ከስልክ ተነስቶ ቤት ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ለመግባት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መሟላት አለበት። ኮምፒውተሩ በርቷል፣ አልተኛም፣ ኢንተርኔት አለው። አንዱ ከጎደለ የትኛውም አፕ፣ የሚከፈልበትም ቢሆን፣ አያገናኛችሁም።

ብዙዎቻችን ደግሞ ቤት ዋይፋይ የለንም። ላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልካችን ሆትስፖት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ስልኩን ይዛችሁ ከቤት ስትወጡ የኮምፒውተሩንም ኢንተርኔት ይዛችሁ ወጣችሁ ማለት ነው። ላፕቶፑ እስከ ማታ ቢበራ ከማንም ጋር አይገናኝም። ሲነገር ግልጽ ይመስላል። ግን አፑን ጭኖ፣ ፓስወርድ ሞልቶ፣ መንገድ ላይ ሆኖ "ኦፍላይን ይለኛል" ለሚል ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄው ነው።

ሆትስፖት ተጠቃሚ ከሆናችሁ ምርጫችሁ ሁለት ነው። አንደኛው ቤት የሚቀር የራሱ መስመር ማዘጋጀት ነው፦ የቤት ዋይፋይ፣ ማይፋይ፣ ወይም ሲም የገባበት አሮጌ ስልክ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድሮይድ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሆትስፖት ቢከፍት ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ብቻ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ስለሚውል አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት፣ ባትሪው ያበጠ ከሆነ ደግሞ እንዳታስቡት። ሁለተኛው ምርጫ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፋይሉን ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ማውጣት ነው። ለአብዛኛው ሰው የሚሻለውም ይሄ ነው እንላለን፣ ከታች በሰፊው እናየዋለን።

መብራቱስ? ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ወዲያው ጭልም ይላል። ለራውተር ብቻ የሚሆኑ ትንንሽ ዩፒኤሶች ገበያ ላይ አሉ፤ ራውተር የሚፈልገው ጥቂት ዋት ስለሆነ ደህና ጊዜ ይይዙታል። ስትገዙ የራውተራችሁን ቻርጀር ገልብጣችሁ ቮልቱን አንብቡ። 9 ቮልት የሚፈልገውን ራውተር 12 ቮልት ላይ ብትሰኩት ልታቃጥሉት ትችላላችሁ።

ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሲመለስ ግን ብዙውን ጊዜ በራሱ አይነሳም። እንዲነሳ የሚያደርግ ሴቲንግ ባዮስ ውስጥ አለ። ስሙ ከማዘርቦርድ ማዘርቦርድ ይለያያል፣ "ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ" ወይም ተቀራራቢ ነገር ይላል፤ "ፓወር ኦን" የሚለውን መምረጥ ነው። እዚህ ጋ ግን ቆም በሉ። መብራት ሲመለስ አንዳንዴ ከፍ ብሎ እንደሚመጣ፣ የስንቱን ሰው ቲቪና ፍሪጅ እንዳቃጠለ ታውቃላችሁ። ስታቢላይዘር ከሌላችሁ ይሄን ሴቲንግ ባትነኩት ይሻላል። ለአንድ ፋይል ተብሎ ኮምፒውተር አይቃጠልም።

እንቅልፉን ማስተካከል ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዛ ሲስተም፣ ከዛ ፓወር ውስጥ ገብታችሁ ቻርጀር ላይ ሲሆን "ስሊፕ" የሚለውን "ኔቨር" አድርጉት። ስክሪኑ ቢጠፋ ችግር የለውም። ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋም ይተኛል፤ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ላይ ክዳን ሲዘጋ ምን ይሁን ለሚለው "ዱ ናቲንግ" ምረጡ። ተዘግቶ ሲሠራ ስለሚሞቅ ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ትታችሁት አትውጡ።

ፋይሉን ቀድሞ ማውጣት

ነገሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ትመርጣላችሁ። እዛ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ በራሱ ወደ ክላውድ ይወጣል፣ እናንተ በስልካችሁ ከክላውዱ ታነሳላችሁ። ከዛ በኋላ ቤት መብራት ጠፋ አልጠፋ አያገባችሁም፤ ፋይሉ ቀድሞ ወጥቷል።

ጉግል አካውንት ያለው ሰው ሁሉ 15 ጊጋባይት ነፃ ቦታ አለው፤ ይሄ ቦታ ግን ከጂሜይልና ከጉግል ፎቶስ ጋር የጋራ ነው። የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት፣ ድሮፕቦክስ 2 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣሉ። አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው አካውንቱ ስላለው ድራይቭ ይቀለዋል። ኮምፒውተሩ ላይ "ጉግል ድራይቭ ፎር ዴስክቶፕ" የሚባለውን ከጉግል ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ፣ ስልካችሁ ላይ ባለው አካውንት ግቡ፣ ከዛ "አድ ፎልደር" ብላችሁ ፎልደሩን ምረጡ። ስልክ ላይ ድራይቭ አፕ ውስጥ "ፋይልስ" ስትሉ "ኮምፒውተርስ" የሚል ክፍል ታያላችሁ፤ ፎልደሩ እዛ ውስጥ ነው።

አንድ ፎልደር ብለናል። ሙሉ ዲ ድራይቩን የመረጠ ሰው ፊልሙም፣ ጌሙም፣ የ2011 የሰርግ ቪዲዮውም መውጣት ይጀምርና 15 ጊጋባይቱ ይሞላል፤ በሞባይል ዳታ ከሆነ ደግሞ ጥቅሉ በአንድ ሌሊት ያልቃል። "ሥራ" ወይም "ትምህርት" የሚል አንድ ፎልደር ክፈቱና የምትነካኩትን ፋይል እዛ ብቻ አስቀምጡ። በሆትስፖት የምትሠሩ ከሆነ የዊንዶውስ የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሩት፤ ዋንድራይቭ ይሄን ሲያይ ሲንክ ማድረጉን ያቆማል። ድራይቭ ላይ ደግሞ የማውጫ ፍጥነቱን ራሳችሁ መገደብ ትችላላችሁ።

ፍጥነቱ ላይ የሚምታታ ነገር አለ። መስመር የሚለካው በሜጋቢት፣ ፋይል ደግሞ በሜጋባይት ነው፤ ሜጋቢቱን ለ8 ስታካፍሉት ሜጋባይት ይሆናል። ቤት ያለው መስመር በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚልክ ከሆነ በሰከንድ የሚያወጣው ሩብ ሜጋባይት ነው። 3 ሜጋባይት የሆነ የዎርድ ፋይል በ12 ሰከንድ ይወጣል። 1 ጊጋባይት ቪዲዮ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። እናንተ 5ጂ ያለበት ሰፈር ብትሆኑም ያው ነው፤ ከቤት የሚመጣ ነገር ፍጥነቱን የሚወስነው ቤቱ የሚልክበት አቅም ነው። ለዚህ ነው ትልልቅ ፋይል በርቀት መጎተት ከመነሻው የማይመከረው።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ዊንዶውስ ሪስታርት አድርጎ ፓስወርድ መጠየቂያው ላይ ከቆመ ድራይቭም ዋንድራይቭም አይጀምሩም። ኮምፒውተሩ ቢበራም አንድ ሰው ገብቶ ፓስወርድ እስኪሞላ ሲንክ የለም። ሌሊት አፕዴት ሠርቶ ራሱን ያስነሳ ኮምፒውተር ጠዋት እዛው ቆሞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሁለተኛው፣ ሲንክ ባክአፕ አይደለም። ስልክ ላይ ፋይሉን ካጠፋችሁ ኮምፒውተሩ ላይም ይጠፋል። ጉግል ድራይቭ ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ያቆየዋል፣ ከዛ በኋላ ወዲያ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ፋይል "ሴቭ" ተደርጎ ወዲያው ላፕቶፑ ከተዘጋ አዲሱ ቅጂ አልወጣም። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ከታች በስተቀኝ ያለችውን የድራይቭ ምልክት ነክታችሁ መጨረሷን እዩ። አማካሪያችሁ እጅ የገባው የትናንቱ ምዕራፍ ሦስት ሆኖ እንዳይገኝ።

በጣም የሚያስፈልጓችሁን ሁለት ሦስት ፋይሎች ደግሞ ስልካችሁ ላይ "ሜክ አቬይለብል ኦፍላይን" አድርጓቸው። ፋይሉ ስልኩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ዳታ ባይኖርም ይከፈታል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ፋይል የት እንዳለ እየታወቀ የማይነካ ነገር ሆኖ ነበር።

"እኛ ሴቭድ ሜሴጅስ ነው የምንጠቀመው"

እናውቃለን። ቴሌግራም የብዙዎቻችን ክላውድ ሆኗል፣ መጥፎም አይደለም። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፣ ፕሪሚየም ከሆናችሁ እስከ 4። ኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ካለ ፋይሉን ጎትቶ ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ መጣል ነው፣ በቃ። ፎቶ ከሆነ ግን "እንደ ፋይል" ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ ዲዛይነሮችና ፎቶ አንሺዎች በዚህ ተቃጥለዋል።

የማይመቸው፣ በራሱ አይልክም። ያልላካችሁት ፋይል የለም። አሥራ አንድ ጊዜ የላካችሁት "ፋይናል፣ ፋይናል 2፣ የመጨረሻ ፋይናል" የቱ የመጨረሻው እንደሆነም አይነግራችሁም። ሌላው፣ ሴቭድ ሜሴጅስ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ እንደዛ የሚሆነው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው። አካውንታችሁ ውስጥ የገባ ሰው የፓስፖርት ኮፒያችሁንም፣ የባንክ ደብተር ፎቷችሁንም ያገኘዋል። ስለዚህ ፕራይቬሲ ውስጥ ያለውን "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" ሳታበሩ እንዲህ ያለ ነገር እዛ አታስቀምጡ። "ዲቫይስስ" የሚለውንም ክፈቱና የማታውቁት ኮምፒውተር ካለ አስወጡት። ኢንተርኔት ቤት ወይም ፕሪንት ቤት ከፍታችሁ የረሳችሁት ቴሌግራም እስከ ዛሬ ክፍት ሊሆን ይችላል። ስለ ፕሪንት ቤት ካነሳን፣ እነሱ ኮምፒውተር ላይ በራሳችሁ አካውንት አትግቡ። ፋይሉን ከስልካችሁ ወደ ቤቱ ቴሌግራም ላኩላቸው፣ ከፍላሽ ቫይረስም ታመልጣላችሁ።

ኮምፒውተሩን ራሱን ከስልክ መክፈት

ቀድሞ ያልወጣ ፋይል ሲሆን፣ ወይም የሚያስፈልጋችሁ ፋይሉ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለው መንገድ ይመጣል። የቤታችሁን ስክሪን ስልካችሁ ላይ ታያላችሁ፣ በጣታችሁ ማውሱን ታንቀሳቅሳላችሁ።

ለጀማሪ የምንመክረው ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕን ነው። ነፃ ነው፣ በጉግል አካውንት ይሠራል፣ ውጣ ውረዱም ትንሽ ነው። ቤት ሆናችሁ ኮምፒውተሩ ላይ በክሮም ብራውዘር ስሙን ፈልጋችሁ የጉግል ራሱ ገጽ ውስጥ ግቡ፣ "ሪሞት አክሰስ" የሚለውን አዘጋጁ፣ ለኮምፒውተሩ ስም ስጡት፣ ቢያንስ 6 አሃዝ ያለው ፒን አስገቡ። 123456 ወይም የልደት ዓመታችሁን እንዳታደርጉት። ከዛ ስልክ ላይ በዛው አካውንት ገብታችሁ የኮምፒውተሩን ስም ነክታችሁ ፒኑን መሙላት ነው። ሌላው ጥሩ ነገሩ፣ ዊንዶውስ ሪስታርት አድርጎ ፓስወርድ ላይ ቢቆምም በዚህ መግባት ይቻላል። ከላይ ያነሳነውን የድራይቭ ችግር የሚፈታውም ይሄ ነው፤ በስልክ ገብታችሁ ፓስወርዱን ስትሞሉለት ሲንኩ ይቀጥላል።

ፋይሉን ወደ ስልካችሁ ማምጣቱ ግን ስልኩ አፕ ላይ ብዙም አይመችም። የሚሠራ ዘዴ እንንገራችሁ፦ በስልካችሁ የቤቱን ኮምፒውተር ከፍታችሁ፣ እዛው ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕን ክፈቱና ፋይሉን ለራሳችሁ ላኩት። ወይም ድራይቭ የሚያየው ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርጉት። ከደቂቃ በኋላ ስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

አኒዴስክና ቲምቪወርም አሉ። ሁለቱም ፋይል ማስተላለፊያ አላቸው፤ ሰው ሳይቀበላችሁ ራሳችሁ እንድትገቡ ቋሚ ፓስወርድ ማስቀመጥም ይቻላል። ቲምቪወር ለግል ጥቅም ነፃ ነው ይላል፣ ግን "ለንግድ እየተጠቀማችሁ ይመስላል" ብሎ ሊያቋርጣችሁ ይችላል። አኒዴስክ ጥር 2016 ላይ ሰርጎ ገቦች ሲስተሙ ውስጥ ገብተው እንደነበር ራሱ አሳውቆ፣ የድረ ገጹን ፓስወርዶች ሰርዞ ነበር። ይሄን የምናነሳው አትጠቀሙ ለማለት አይደለም፤ ሌላ ቦታ የምትጠቀሙበትን ፓስወርድ እዛ እንዳትደግሙ ነው። "ፕሪሚየም የተከፈተበት ቲምቪወር" እያሉ ቴሌግራም ቻናል ላይ የሚለጠፉትን ኤፒኬና ክራክ ግን በፍጹም አትንኩ። ኮምፒውተር የሚከፍት ፕሮግራምን ከማይታወቅ ሰው መቀበል የቤት ቁልፍ አስቀርፆ እንደ መስጠት ነው።

የማይክሮሶፍት የራሱ ሪሞት ዴስክቶፕም አለ፤ ዊንዶውስ "ሆም" ላይ ግን ከውጭ አያስገባም፣ "ፕሮ" ያስፈልጋል። ላፕቶፕ ገዝታችሁ ዊንዶውሱን ካልቀየራችሁ ሆም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከመሞከራችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ የምትከፍቱት ነገር ቤት ያለው ስክሪን ላይም ይታያል። እህታችሁ ፊልም እያየች ከሆነ ማውሱ በራሱ ሲሄድ ታያለች፤ የግል ነገር ከከፈታችሁም አብራችሁ ታያላችሁ። ሁለተኛ፣ ስክሪን ማየት እንደ ቪዲዮ ማየት ነው፣ ክፍት እስከሆነ ድረስ ዳታ ይበላል። ግቡ፣ ፋይሉን ላኩ፣ ውጡ።

ፋይሌ የማንም ሰርቨር ላይ አይቀመጥ ለምትሉ

ይሄኛው ትንሽ ትዕግስት ይጠይቃል። ቴልስኬል የሚባል አፕ አለ፣ ዋየርጋርድ በሚባለው የቪፒኤን ቴክኖሎጂ ላይ የተሠራ፣ ለግል ተጠቃሚ ነፃ የሆነ። ኮምፒውተሩም ስልኩም ላይ ጭናችሁ በአንድ አካውንት ስትገቡ ሁለቱ አንድ ቤት ዋይፋይ ላይ እንዳሉ ያህል ይተያያሉ። ለእያንዳንዳቸው በ100 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣቸዋል። ከዛ ዊንዶውስ ላይ አንድ ፎልደር "ሼር" ታደርጋላችሁ፣ ስልክ ላይ ኔትወርክ ፎልደር በሚከፍት ፋይል ማኔጀር ያንን አድራሻ አስገብታችሁ በዊንዶውስ ስማችሁና ፓስወርዳችሁ ትገባላችሁ። አይፎን ላይ ሌላ አፕ አያስፈልግም፤ "ፋይልስ" ውስጥ ሦስቱን ነጥቦች ነክቶ "ኮኔክት ቱ ሰርቨር" ማለት ነው። ዊንዶውሳችሁ ፓስወርድ ከሌለው ግን አይሠራም፤ ባዶ ፓስወርድ ያለውን አካውንት በኔትወርክ አያስገባም። ቴልስኬል ሴቲንግ ውስጥ "ራን አናቴንድድ" የሚለውንም አብሩት፣ አለዚያ ኮምፒውተሩ ፓስወርድ ላይ ሲቆም ይቋረጣል።

እኛ አገር በተለይ የሚያጋጥም ነገር፦ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንድ ቪፒኤን ብቻ ነው። ሌላ ቪፒኤን ከከፈታችሁ ቴልስኬል ይጠፋል፣ እሱን ስታበሩ ያኛው ይጠፋል። "ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ" ካላችሁ መጀመሪያ ይሄን አረጋግጡ።

ሲንክቲንግ የሚባል ያለ ምንም ክላውድ ሁለት መሣሪያ የሚያመሳስል ነፃ ፕሮግራምም አለ። ጎበዝ ነው፣ ግን በ2017 ዓ.ም. ዋናው የአንድሮይድ አፑ ሥራ ስለቆመ አሁን ስልክ ላይ ያሉት ሌሎች የሚያስቀጥሏቸው ቅጂዎች ናቸው። ኮምፒውተር ነክ ነገር ለሚወድ ሰው እንጂ ለጀማሪ አንመክረውም።

"ራውተር ላይ ፖርት ክፈቱ" ሲሏችሁ

የቆዩ ማስተማሪያዎች ራውተር ውስጥ ገብታችሁ ፖርት 3389 ወይም 445 ክፈቱ ይላሉ። አታድርጉት፤ ብታደርጉትም ላይሠራ ይችላል።

የማይሠራበት ምክንያት ይሄ ነው። ብዙ የኢንተርኔት መስመር፣ የሞባይል ዳታ በተለይ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ የውጭ አድራሻ የለውም፤ ብዙ ደንበኛ አንድ አድራሻ ይጋራል። አንድ በር ብቻ ያለው የኮንዶሚኒየም ግቢ አስቡ። ከውስጥ የሚወጣ ሰው ወጥቶ መመለስ ይችላል፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን የግቢውን በር እንጂ የእናንተን ቤት ቁጥር አያውቅም። ራውተራችሁ ላይ በሩን ብትከፍቱ የሳሎናችሁን በር ከፈታችሁ እንጂ የግቢውን አልከፈታችሁም። የእናንተ እንዲህ መሆኑን ለማወቅ ራውተሩ ገጽ ላይ "ዋን አይፒ" የሚለውን ቁጥር፣ ጉግል ላይ "የእኔ አይፒ" ብላችሁ ከምታገኙት ጋር አነጻጽሩ። ከተለያዩ ተጋርታችኋል። እነ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕና ቴልስኬል የሚሠሩት ኮምፒውተራችሁ ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚደውልላቸው ነው።

ቢሠራ ደግሞ የባሰ ነው። ክፍት ፖርት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ቀን ከሌት ኢንተርኔቱን ያስሳሉ፣ የማን ቤት እንደሆነ ግድ የላቸውም። ግንቦት 2009 ላይ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ወደ 150 በሚሆኑ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያጠቃው በዊንዶውስ ፋይል ማጋሪያ ቀዳዳ፣ በፖርት 445 በኩል ነበር። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነው፤ የተመቱት ያላደሱት ናቸው። አፕዴት የተዘጋበት ክራክ ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ሰዎች ይቺን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አንብቧት።

"ቁጥሩን አንብብልኝ" የሚል ሰው ከደወለ

ቤታችሁ የምትገቡበት አፕ ሌላ ሰው እናንተ ጋ የሚገባበትም ነው። አኒዴስክ ሲከፈት 9 ወይም 10 አሃዝ ያለው ቁጥር ያሳያል፤ ያንን ቁጥር ነግራችሁት "አክሰፕት" ካላችሁ ደዋዩ ስክሪናችሁ ላይ ነው። አፑ ስልክም ላይ ይሠራል፣ ስልካችሁ ላይ ደግሞ ቴሌብርና የባንክ አፕ አለ። ከባንክ ነኝ፣ ከቴሌ ነኝ፣ ሽልማት ደርሷችኋል፣ የውጭ ሥራ ፎርም ልሙላላችሁ የሚል ማንም ሰው ይሄን አፕ አውርዱ ካላችሁ ስልኩን ዝጉ። ለእናትና ለአባታችሁም ንገሯቸው፤ እናንተ ርቃችሁ ኮምፒውተራቸውን የምትረዷቸው በዚሁ አፕ ከሆነ ድምፃችሁን ሳይሰሙ ለማንም ቁጥር እንዳያነቡ ተስማሙ።

ስልኩ ከተሰረቀ

ይሄን ሁሉ ካዘጋጃችሁ በኋላ ስልካችሁ የቤታችሁ ኮምፒውተር ቁልፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የስክሪን መቆለፊያ የሌለው ስልክ ላይ አትጀምሩት። ጉግል አካውንታችሁ ላይ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩና "ባክአፕ ኮድ" የሚላቸውን 8 አሃዝ ያላቸውን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ማረጋገጫው በኤስኤምኤስ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሲሙ ከስልኩ ጋር ሲሄድ እናንተም ከአካውንታችሁ ትቆለፋላችሁ። ማገገሚያ ተብሎ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር አሁንም የእናንተ መሆኑንም እዩ፤ ከዓመታት በፊት የተዋችሁት ሲም ዛሬ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ከጠፋ በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ሲሙን አዘጉ። ከዛ በጓደኛ ስልክ፣ በኢንኮግኒቶ፣ ጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ግቡና ሴኩሪቲ ክፍል ውስጥ "ዩር ዲቫይስስ" ላይ የጠፋውን ስልክ "ሳይን አውት" በሉት፣ ፓስወርዱን ቀይሩ። ቴሌግራምን ከኮምፒውተሩ ከፍታችሁ የስልኩን ሴሽን አስወጡት። ቴልስኬል ካላችሁ በድረ ገጹ ላይ ያንን ስልክ ከዝርዝሩ አጥፉት። ቤት ስትደርሱ የክሮም ሪሞት ዴስክቶፑን ፒን ቀይሩ፣ አኒዴስክ ላይ ያለውን ቋሚ ፓስወርድም እንደዛው። ቤት ለመድረስ የሚያቆያችሁ ነገር ካለ ግን ለታናሽ ወንድማችሁ ደውሉለት፤ የዛን ቀን ዲ ድራይቭ ውስጥ መግባት አይጠበቅበትም፣ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ቢነቅልላችሁ ይበቃል።